እሷ ያነሳችው አይሰነብትም

እንጅባራ ላይ ፎቶ ቤት የከፈትኩት ከባሌ ተፋትቼ ከዳንግላ በወጣሁበት ዓመት ነው። ቤቱ ከመናኸሪያው ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በእህል ወፍጮና በጫማ መሸጫ መሀል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነበር። ወፍጮው ሲሠራ ግድግዳዬ ስለሚንቀጠቀጥ ደንበኛውን ወንበር ላይ አስቀምጬ «ትንሽ ይታገሱኝ፣ አሁን ያቆማል» እያልኩ እጠብቃለሁ። ከወንበሩ ጀርባ ነጫጭ ደመና የታተመበት ሰማያዊ መጋረጃ ሰቅዬ ነበር። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ገጣጥሜ ራሴ ስለሰፋሁት በቀኝ በኩል ያለው ትልቁ ደመና መሀሉ ላይ አይገጥምም፤ የተሰነጠቀ ይመስላል። አስተካክለዋለሁ እያልኩ ሳላስተካክለው ቀረሁ።

ሥራው ቶሎ ያዘልኝ። መታወቂያ የሚያወጣው ገበሬ፣ ፓስፖርት የሚያወጡት ዐረብ አገር ሂያጅ ሴቶች፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ልጃቸውን ክርስትና ያስነሱ እናቶች፣ ሁሉም እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሠርግ ሲኖር ካሜራዬን አንግቤ ከሙሽሮቹ ጋር ወደ ዘንገና እወጣለሁ። ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ ያልተነሳ ሙሽራ እንደተጋባ አይቆጠርም።

ሌላም ሥራ ነበረኝ፤ ማንም በሰሌዳው ላይ የማይጽፈው ሥራ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ቀድሞ ከሚሮጥባቸው ቦታዎች አንዱ ፎቶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ የሚቆም፣ እህት ደረቷ ላይ አቅፋ እየዞረች የምታለቅስበት ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል። «አንቺ ዘንድ ተነስቶ ነበር፤ ፈልጊልን» ይሉኛል። ኮምፒውተሬ ውስጥ ፈልጌ አወጣዋለሁ፣ አሳድገዋለሁ፣ ጥቁር ፍሬም ውስጥ አስገብቼ እሰጣለሁ። ማተሚያው ቀስ እያለ ከግንባር ጀምሮ ያወጣል። ዓይኑ ብቅ ሲል፣ ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች ማልቀስ ይጀምራሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ፍሬሙን እወለውላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ክረምት ነው። መጀመሪያ የሞቱት ከዘንገና በኩል በፈረስ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መታወቂያቸውን ለማደስ ተነስተው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መጣና «አባቴን አሳድጊልኝ» አለኝ። ቀጥላ፣ ሐይቁ ዳር ያነሳኋት ሙሽራ በወሊድ ሞተች። ቤተሰቦቿ ቬሎ ለብሳ የተነሳችውን ማየት ስላልቻሉ እኔው ቤት የተነሳችውን ጉርድ ፎቶ መረጡ። ከዚያ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ለመንጃ ፈቃዱ ሲነሳ ሳቁን መቆጣጠር ያቃተው ልጅ፣ ጭጋግ በበዛበት ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ሞተ።

የሹፌሩ ቤት ከተከራየሁበት ግቢ ብዙ ስለማይርቅ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበው፣ እናቱ ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ከኋላዬ ካሉት ሴቶች አንዷ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ ስትናገር ሰማሁ።

«ያን ደመና አየሽው?»

«የቱን ደመና?»

«የተሰነጠቀውን። በሙሽራይቱም ፎቶ ላይ ነበረ። በሽማግሌውም ላይ ነበረ።»

«እና?»

«እናማ ያው ነው። እሷ ያነሳችው አይሰነብትም።»

ወደ ኋላ አልዞርኩም። የቀረበልኝን ንፍሮ እጄ ላይ እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ እኔ ከፊቷ መሆኔን አላወቀችም ነበር። ቆይቶ ግን አንድ ሰው ነገራት መሰለኝ፣ ከኋላዬ ያለው ወሬ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

ወሬው ከዚያ ድንኳን ወጥቶ ገበያ ገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ገባ፣ ጥሊሊ ደረሰ። ማንም መጥቶ ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። ያወቅኩት በሰዉ አኳኋን ነው። ሱቅ ስገባ አዊኛ የማይናገሩት ሁሉ ዝም ይላሉ፣ የሚናገሩት ደግሞ ከአማርኛ ወደ አዊኛ ያልፋሉ። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አዊኛ ጥቂት እሰማለሁ፣ ሞትንና ፎቶን ግን ለመለየት ጥቂቱ በቂ ነበር። ልጅ ያዘለች እናት በመንገድ ስታገኘኝ የልጁን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጣችና «ከጎን አንሺው፤ ፊት ለፊት አይሁን» አለችኝ።

«ለትምህርት ቤት ከሆነ በጎን የተነሳ አይቀበሉም፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ይቅር» ብላ ይዛው ወጣች።

በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከእኔ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል የተከራየ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ስታትስቲክስ ነው የሚያስተምረው። ደግ፣ ንግግር የሚወድ፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ ሰው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሳቀ። ሳቁ ደስ አለኝ፤ በዚያ ሰሞን የሚስቅብኝ ሰው እንኳ አጥቼ ነበር።

«ስንት ሰው አንስተሻል?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። የከተማውን ግማሽ ሳላነሳ አልቀርም።»

«እንግዲህ ከከተማው ሰው ከሚሞተው ግማሹ አንቺ ዘንድ የተነሳ መሆን አለበት። እንዲያ ባይሆን ነበር የሚገርመው።»

«ሦስቱ ግን ተከታትለው ነው የሞቱት።»

«ሳንቲም ወርውሪ። አንዳንዴ ዘውዱ ሳይወጣ ጎፈር በጎፈር ላይ ይደራረባል። ያን ጊዜ ሰው ሳንቲሙን ይጠረጥራል። ሳንቲሙ ግን የፊተኛውን አያስታውስም።» ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ደግሞ ሰዎቹ የሚያዩት ድንኳን ውስጥ ያለውን ፎቶ ብቻ ነው። አንቺ አንስተሽው ዛሬ ገበያ ውሎ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ቤቱ የገባውን ማን ይቆጥረዋል? እሱ ፎቶውን አቅፎ አይዞርም።»

ያን ዕለት ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። ቃላቱን እንደ ጸሎት ደገምኳቸው። ለሰውም ልነግር ሞከርኩ፤ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ለጫማ ሻጩ። ጫማ ሻጩ አንገቱን እየነቀነቀ ሲያዳምጠኝ ቆየና «ልክ ነው፤ ልክ ነው» አለ። ቀጥሎም «ቢሆንም ግን» አለና የቀረውን ዋጠው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መምህሩን አዲስ የሥራ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ግቢ ውስጥ አገኘሁት። ፎቶው አዲስ ነበር፤ ጀርባው ነጭ ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ ማረፉን አየ።

«ባሕር ዳር ለስብሰባ ሄጄ ነበር» አለ፣ መታወቂያውን ወደ ሸሚዙ ኪስ እየከተተ። «እዚያው ስላጣደፉኝ ነው።»

«ጥሩ ወጥተሃል» አልኩት።

አልተቀየምኩትም። የተሰማኝ ፍርሃት ነበር። ሳንቲሙ ምንም እንደማያስታውስ የሚያውቀው ሰው እንኳ ከእኔ ወንበር ከሸሸ፣ ሌላው ሕዝብ ምን ያድርግ? እኔስ?

እኔም ቀስ በቀስ ተለወጥኩ። በካሜራው ውስጥ ሳይ ፊቶችን መለየት ጀመርኩ። ይኼ ይከርማል፣ ይኼ አይከርምም። ደጋግሞ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ካለ አይከርምም እላለሁ። የከንፈሩ ቀለም ጠቆር ያለ፣ ሲቀመጥ በረጅሙ የተነፈሰ፣ ሲወጣ የበሩ ደፍ ያደናቀፈው፣ ሁሉም ምልክት ሆነብኝ። አንድ ትልቅ ነጋዴ ሲነሳ መብራቱ ጠፋ። «ይኼማ አለቀለት» አልኩ በልቤ። ሰውየው ግን ከሳምንት በኋላ ጉንጩ ቀልቶ፣ ወፍሮ መጥቶ ፎቶውን ወሰደ። ያን ቀን ተገርሜ ማደር ነበረብኝ። እኔ ግን ወዲያው ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ብዙ ቆይቶ፣ ይህን ሁሉ መልሼ ማሰብ ስጀምር ነው። በዚያ ሰሞን የማስታውሰው የሞቱትን ብቻ ነበር።

የሚሞተውም አላቋረጠም፤ ከተማ ነውና። በየድንኳኑ ያ የተሰነጠቀ ደመና ይቆማል። እኔ ለቅሶ መድረስ ተውኩ። መቅረቴ ደግሞ ለብቻው ወሬ ሆነ፤ «ሥራዋን ስለምታውቅ አትመጣም» ተባለ አሉ።

በከተማው ሌላ ፎቶ ቤት ነበር፤ ከእኔ ቀደም ብሎ የተከፈተ። ባለቤቱ ዕድሜው የገፋ፣ ኮፍያ የማይለየው ዝምተኛ ሰው ነው። ወሬውን የሚነዛው እሱ ነው ብዬ አመንኩ። ማስረጃ ነበረኝ፤ ቢያንስ ማስረጃ ይመስለኝ ነበር። ከእኔ የሸሹት ደንበኞች ወደ እሱ ሄደዋል። በዚያው ወር ሰሌዳውን አዲስ ቀለም አስቀብቷል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው ከበፊቱ ረዝሟል። ሰላም ባይለኝ ደግሞ ያንኑ እንደ ማስረጃ እቆጥረው ነበር፤ ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። አንድ ጠዋት ፎቶ ቤቴን ዘግቼ ሄድኩ።

ብቻውን ተቀምጦ ሌንስ በጨርቅ ይወለውላል።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ስሜን ለምን ያጠፋሉ?»

አላስደነገጠውም። ወንበር ሳበልኝ። አልቀመጥም አልኩ።

«ማ አለሽ?» አለኝ።

«ማንም አላለኝም። ግን ገብቶኛል።»

ሌንሱን አስቀመጠ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ከተማ ያነሳሁት ሰው ሬሳ ቢቆጠር ከአንቺ ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት አሳድጌአለሁ። በየለቅሶ ቤቱ ስገባ የራሴን ሥራ አያለሁ።»

«ታዲያ ስለ እርስዎ ለምን አይወራም?»

ጣቱን ወደ ጀርባው ጠቆመ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነጭ አንሶላ ነበር።

«ነጭ የማንም ነው» አለ። «የአንቺ ደመና ግን የአንቺ ብቻ ነው። ሰው የለየውን ነው የሚያስታውሰው።»

አሁን ተቀመጥኩ። ብዙ አላወራንም። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘኝና «መጋረጃውን ቀይሪው፣ ግን ቀስ ብለሽ» አለኝ። ቀስ ብለሽ ያለው ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ያን ዕለት ወደ ፎቶ ቤት እንደተመለስኩ ሰማያዊውን መጋረጃ አውርጄ ነጭ ሰቀልኩ።

በነጋታው ሰዎች በበሩ እያለፉ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ዱቄት የነካው ፊቷን ብቅ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

«አወረደችው ሲሉ ሰማሁ።»

«ምን ይላሉ?»

«ምንም ባይኖርበት ለምን ታወርደዋለች ነው የሚሉት። ምን እንደሆነ ራሷም ታውቃለች እያሉ ነው።»

ሳልቀይረው ብቀር ደመናው ይመሰክርብኛል፤ ብቀይረው መቀየሬ ይመሰክርብኛል። ከዚያ በኋላ ምንም ባደርግ ወደዚያው እንደሚያመራ ገባኝ። ብስቅ ግድ የላትም ነው፣ ብተክዝ ጸጸት ይዟታል ነው።

በበጋው መግቢያ ላይ አንዲት ወሬውን ያልሰማች ከገጠር የመጣች ሴት ክርስትና የተነሳ ሕፃኗን ይዛ መጣች። ነጭ ለብሶ፣ ማተቡ አንገቱ ላይ፣ የእናቱን ጣት ጨብጦ አነሳሁት። የዚያን ሳምንት ሕፃኑ አተኮሰው። ሐኪም ቤት አስገቡት። ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ግን አንድ ሰው ወሬውን ለአባቱ ነገረው።

አባትየው ከሁለት ወንድሞቹ ጋር መጣ። ዱላ ይዘዋል፤ የገጠር ሰው ዱላ ይይዛል፤ ቢሆንም ዓይኔ ዱላዎቹ ላይ ቀረ። ወደ ውስጥ የገባው አባትየው ብቻ ነው። ሁለቱ በሩን ሞልተው ቆሙ። ወፍጮው ያን ሰዓት አይሠራም ነበር።

«የልጄን ፎቶ አንስተሻል» አለ።

«አዎ።»

«አጥፊው።»

«ወንድሜ፣ ፎቶ ልጅ አያሳምምም። ሐኪሙ ምን አለ?»

«የሐኪሙን ሐኪሙ ያውቃል። አንቺ አጥፊው።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር።

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞርኩለት። ሕፃኑ በነጭ ልብሱ ስክሪኑ ላይ ታየ፤ አባትየው ፊቱን አዞረ። አጠፋሁት። ከካሜራውም አጠፋሁት። «ጠፋ?» አለ። «ጠፋ» አልኩት። ሦስቱም ወጡ፤ እኔ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሕፃኑ ዳነ። ሐኪም ቤት ውስጥ በመርፌና በመድኃኒት ተኝቶ ነበር የዳነው። ያን ግን ማንም አላወራውም። የተወራው ፎቶው ሲጠፋ ትኩሳቱ እንደለቀቀው ነው። ሰዓቱ ሳይቀር ይጠቀስ ነበር፤ እሷ ቁልፉን ስትጫን ልጁ ዓይኑን ገለጠ ተባለ።

ከዚያ ሰው በደጄ መሰለፍ ጀመረ። ለመነሳት የመጣ አልነበረም፤ ሁሉም ፎቶዬን አጥፊ ለማለት ነው የመጣው። «የእኔን አጥፊልኝ» «የባለቤቴን» «የልጆቼን ሁሉ»። አንዳንዶቹ ያፍራሉ፤ እየሳቁ ይጀምሩና «ሞኝነት ነው፣ ቢሆንም ለእናቴ ብለሽ» ይላሉ። ሌሎቹ ያስፈራራሉ። ሠርጋቸውን ያነሳሁላቸው ባልና ሚስት አብረው መጥተው ሐይቁ ዳር የተነሱትን ሁሉ አስጠፉ። መጀመሪያ ላይ ላስረዳ ሞከርኩ። ኋላ ተውኩት። ስም ይነግሩኛል፣ ፈልጌ አወጣለሁ፣ አሳያለሁ፣ አጠፋለሁ። ያ ሁሉ ፊት በየተራ ሲጠፋ፣ ልክ የሚሉትን እያደረግኩ ያለሁ ይመስለኝ ጀመር።

ከተሰለፉት መካከል አንዲት እናት ነበረች። ልጇ በፈረስ ግልቢያ በዓል ቀን ፈረሱ ላይ ሆኖ ተነስቶ ነበር፤ ፈረሱ በቀይ ጥለት አጊጦ፣ ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ። ካነሳኋቸው ሁሉ የምወደው ፎቶ ነበር። የታተመውንም ይዛው መጣች።

«እኔ ክፉ አላልኩሽም» አለችኝ። «ግን ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

«እትዬ፣ ይኼኛው ይቅር። ደጅ የተነሳ ነው፤ መጋረጃም የለበትም።»

«ያለኝ እሱ ብቻ ነው አልኩሽ፣ እቴ።»

አጠፋሁት። የታተመውን እዚያው ደጄ ላይ ክብሪት ለኩሳ አቃጠለችው። ጥግ ጥጉ እየተጠቀለለ ሲነድ ቆማ ጠበቀች፤ አመዱን በእግሯ በትና ሄደች።

ልጁ በዚያ ዓመት ለቀን ሥራ ወደ ጃዊ ቆላ ወረደ። ብዙ ወጣት ነው የሚወርደው፤ ብዙው ይመለሳል። እሱን ወባ ያዘው። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር መርዶው ሲደርስ ቀብሩ አልፏል። አስከሬኑ አልመጣም።

እናትየው ወደ እኔ የመጣችው በሰልስቱ ነው። ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ያቺ ሁሉም የሸሻት ወንበር ላይ።

«አስከሬን የለም» አለችኝ። «ሰው ምን አይቶ ያልቅስ? አንድ እንኳን የለሽም?»

«እትዬ፣ አጥፊ ብለውኝ አጥፍቼዋለሁ።»

«ከዚህ አጥፊልኝ አልኩ እንጂ» አለች፣ ጣቷን ወደ ኮምፒውተሩ ቀስራ፣ «ጨርሶ ይጠፋል መች አልኩ?»

የጠፋ ፎቶ የሚመልስ ፕሮግራም ጫንኩ። ያን ቀን ሙሉ ፈለግኩ። የተመለሰው ግማሹ ግራጫ የሆነ፣ የተቆራረጠ የሌሎች ሰዎች ፊት ነው። የእሱ አልተገኘም። ጓደኞቹን ጠየቅን፤ በአንደኛው ስልክ ላይ ፈረስ ሲጋልብ የተነሳ ነበር፤ ከኋላ ነው፣ የሚታየው ትከሻውና የፈረሱ ጭራ ነው። መታወቂያው አብሮት ጃዊ ቀርቷል።

ለቅሶው ላይ ሄድኩ። መሄድ እንደሌለብኝ ብዙ ሰው ነግሮኝ ነበር። ፎቶ ይቆምበት በነበረው ቦታ ፈረሱን ኮርቻ ጭነው፣ ኮርቻው ላይ ሸሚዙን አድርገው እየሳቡ አመጡት። ሰዉ ለፈረሱ አለቀሰ። እናትየው የሸሚዙን እጅጌ ይዛ አብራው ትዞራለች። ካጠገቤ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ራቅ ራቅ እያሉ በዙሪያዬ ባዶ መሬት ተፈጠረ። ማንም አልነካኝም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ሲያልፉ ቆም ብለው «ሂጂ ልጄ፤ ሳይመሽ ሂጂ» አሉኝ። ለእኔ አዝነው ይሁን አስጠንቅቀውኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ወሬው ተገለበጠ። ያነሳችው ሳይሆን ያጠፋችው ነው የማይሰነብተው ተባለ። አጥፊን ብለው የተሰለፉት ሰዎች «መልሺን» እያሉ መጡ። አንድ ሰው በሩን በሁለት እጁ ይዞ «የሚስቴን መልሺ፤ ዛሬ ራሷን አሟታል» ሲለኝ፣ ከዚህ ከተማ የምወጣበት ቀን እንደደረሰ አወቅኩ። ካሜራውንና ኮምፒውተሩን ጭኜ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ተመለስኩ። ወፍጮ ቤት ያለችው ሠራተኛ ብቻ ናት የሸኘችኝ። አቀፈችኝና ወዲያው እጆቿን በሽርጧ ጠረገች፤ ዱቄት ነክቷቸው ነበር።

ባለ ነጭ አንሶላው ፎቶ አንሺ አንዳንዴ ይደውልልኛል። አሁን በከተማው ያለው ፎቶ ቤት የእሱ ብቻ ስለሆነ የለቅሶ ፎቶው ሁሉ ከእሱ ነው የሚወጣው። በቅርቡ ሲደውል ድምፁ ደክሞ ነበር።

«ትናንት ለቅሶ ቤት አንዲት ሴት ፎቶው ላይ ያለውን ወንበር ለሌላዋ ስታሳያት ሰማኋት» አለኝ። «የእንጨት መደገፊያው ከትከሻቸው በላይ ይታያል ለካ። እኔ እስከ ዛሬ አላየሁትም።»

«ይለውጡት» ልለው ነበር። መጋረጃዬ ትዝ አለኝና ተውኩት። ኋላ ኔትወርኩ ቆረጠን።

ዳንግላ ላይ አሁን የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ነው የምሠራው። እናቴ እዚሁ ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንሺኝ እስቲ» አለችኝ። «ያን ሁሉ የሰው ልጅ ስታነሺ የእኔ አንድ እንኳን የለሽም።»

ስልኬን አወጣሁ። ፊቷን ስክሪኑ ላይ አየሁት። ፀሐይ በጎን በኩል መትታት፣ ሽበቷ ከነጠላው ጠርዝ አምልጦ፣ ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ሳንቲሙ የፊተኛውን እንደማያስታውስ አውቃለሁ። ማንም ሰው ሳይሞት እንደማይቀር፣ ፎቶ እንደማይገድል፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

«ብርሃኑ አልተመቸኝም፤ ነገ ጠዋት ይሻላል» አልኳት።

«እንግዲያው ነገ» ብላ ተነሳች፣ ክንዴን ይዛ።

ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጠዋት አልፏል፤ እሷም አልጠየቀችኝም፣ እኔም ስልኩን አላነሳሁም።